የመኪና ኤሲ እቤት ለመሥራት፦ ቆርቆሮ ጋዝ፣ ጌጅ ወይስ ጋራዥ?

ኤሲዬ የከዳኝ ደጀንን አልፌ ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ብርድ ስለነበር ማን ኤሲ ያስታውሳል። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን ከዳሽቦርዱ የሚወጣው አየር ከውጪው ብሶ አረፈው። መስኮት ስከፍት ደግሞ የከባድ መኪና ጭስ። ባህር ዳር ተመልሼ "ራሴ እሠራዋለሁ" ብዬ ብዙ ዕቃ ገዛሁ፤ አንዱ ጠቀመኝ፣ አንዱ ደግሞ አስለቀሰኝ።

ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተር አስነሱ፣ ኤሲውን አብሩና አድምጡ። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) "ቀጭ" ብሎ ካልያዘ ፊውዝና ሪሌይ እዩ (አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ከመጀመሪያውም ቀጭ አይልም)። በየጥቂት ሰከንዱ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ጋዝ ማነሱን ጠርጥሩ። ስትነዱ ቀዝቅዞ ስትቆሙ የሚሞቅ ከሆነ የኮንደንሰሩ (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጪ የሚያስወጣው፣ ራዲያተር የሚመስለው) ቬንቲላተር መዞሩን ተመልከቱ። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አቅም ካጣስ? የካቢን ፊልትር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ታገኙታላችሁ። የእኔን ሳወጣው አቧራና ገለባ ተጋግሮበት የሰሌን ቁራጭ መስሏል። ኮንደንሰሩ ላይ ጭቃ ካለ በቀስታ ውሃ እጠቡት፤ የላቫጆው ኃይለኛ ውሃ ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

እዚህ ላይ ችግሩ ከተፈታ ምንም አትግዙ።

ካልተፈታ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቆርቆሮ ጋዙን ነው፣ አጭር ቱቦና አንዲት ትንሽ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለችውን። ርካሽ ናት፣ ቱቦዋም ዝቅተኛ ግፊት ባለው በኩል ብቻ እንድትገባ ስለተሠራች ለጀማሪ አታስቸግርም። ጣጣው ግን የምታየው አንዱን ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ኮምፕረሰሩ ደክሞ ከሆነ ዝቅተኛው ወገን ላይ ግፊት ይጨምራል፤ መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ትቆምና "ሞልቷል" ትላችኋለች፣ እናንተ ደግሞ በላብ ትጠመቃላችሁ። ቆርቆሮ የምመክረው ኤሲው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ለሚቀንስበትና ሌላው ነገር ደህና መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ነው።

"ቀዳዳ ይደፍናል" የሚል የተጻፈበትን ግን አትንኩት። እኔ ገዝቼዋለሁ። ሻጩ "ወንድሜ፣ ይሄን ጨምርና እርሳው" አለኝ፤ ሦስት ሳምንት ቀዘቀዘልኝና እኔም ረሳሁት። ከዚያ ድርግም። መካኒኩ ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍበትን) ፈቶ ሲያሳየኝ ቀዳዳው ላይ ሙጫ የመሰለ ነገር ደርቋል። ሌላ ጋራዥ ደግሞ "ማሽኔን ያበላሽብኛል" ብሎ መኪናዬን አላስገባም አለ፣ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ባለሁለት ጌጁ ነው፣ ሰማያዊው ለዝቅተኛ፣ ቀዩ ለከፍተኛ ግፊት፣ መሀል ላይ ቢጫ ቱቦ ያለው። ለእኔ ገንዘቡን የሚያወጣው ዕቃ ይሄ ነው፤ ጋዝ ባትሞሉበት እንኳ በሽታውን ይነግራችኋል። በተለመደው የባህር ዳር ሙቀት ኤሲው እየሠራ ዝቅተኛው ከ25 እስከ 40፣ ከፍተኛው ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ቢሆን ደህና ነው። ሁለቱም ከወረዱ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከወጡ ጋዝ በዝቷል ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀቱን አያስወጣም። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕረሰሩን እዩ፣ ያኔ ቆርቆሮ ብትደረድሩ አይፈውሰውም። ብዙ ሰው የሚሸወደው ሞተር ጠፍቶ ሲለካ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ሁለቱም ጌጅ 80 አካባቢ ሲያሳይ "ሙሉ ነው" ይላል። አይደለም፤ ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው።

ጋዝ ስትሞሉ የቀዩን ቫልቭ ዝጉ፤ ሞተሩ እየሠራ ከተከፈተ ከፍተኛው ግፊት ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። መነጽርና ጓንትም አትርሱ፣ የሚፈናጠረው ጋዝ ቆዳን እንደ ውርጭ ያቃጥላል።

ፍሳሹን ለመፈለግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ዘይት አቧራ ይዞ የጠቆረበትን ፈልጉና የሳሙና አረፋ ቀቡት። የእኔ ከኮንደንሰሩ መግቢያ ላይ በቀስታ ቡፍ፣ ቡፍ ይል ነበር፤ ጥፋቱ ያረጀች የጎማ ቀለበት ናት።

ቀለበቷን ለመቀየር ግን ሲስተሙ ይከፈታል፣ ሲከፈት አየርና እርጥበት ይገባል፣ እሱን ለማውጣት ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ዝም ብሎ መልቀቅ ነውር ነው፤ 1 ኪሎ አር-134ኤ (በብዙ መኪኖች ኤሲ ውስጥ ያለው ጋዝ) ከ1 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያደርሰውን ያህል ዓለምን ያሞቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጋዝ መሳቢያ ማሽን ያለው ጋራዥ ያስቀዱት። ቀለበቷ ከተቀየረች በኋላ ፓምፑን ግማሽ ሰዓት ያህል ታስነሳላችሁ፣ ቫልቮቹን ትዘጋላችሁ፣ መርፌው ሳይነቃነቅ ሌላ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። እዚህ ጋ እኛ አገር ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። ቪዲዮው ላይ መርፌው ወደ 29 ኢንች (ቫኪዩም የሚለካበት የሜርኩሪ ኢንች) ይወርዳል፣ የእኛ 24 አካባቢ ላይ ይቆማል። ፓምፑ አልተበላሸም! ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጌጁ ደግሞ የሚለካው ከውጪው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይማ 22 ቢል አትገረሙ። እኔ ይህን ሳላውቅ ፓምፑን ልመልስ ሱቅ ድረስ ሄጃለሁ።

እንግዲህ ጋራዡስ? ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ፣ ፓምፕና ጌጅ ከመግዛት ጋራዥ ይረክሳል። ግን ጠይቁ፦ ጋዙን በሚዛን ነው የምትሞላው? ኮፈኑ ሥር ያለው ተለጣፊ ስንት ግራም እንደሚፈልግ ይናገራል። ቱቦውን በእጁ ዳብሶ "በቃ ሞልቷል" የሚል ከሆነ፣ እሱን እቤታችሁም ትችሉታላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደሚያውቅ ባለሙያ ሂዱ። ኮምፕረሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ነው፣ ብርቱካናማውን ገመድ ልብ በሉ፤ ለተራ መኪና የሚሸጠው ዘይት የተቀላቀለበት ቆርቆሮ ጋዝም ኤሌክትሪክ እንዲያፈተልክ ያደርጋል። አዳዲስ መኪኖችም አር-1234ዋይኤፍ የሚባል ሌላ ጋዝ ሊይዙ ስለሚችሉ ተለጣፊውን አንብቡ፣ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

እኔ ጌጁን ለብቻዬ ገዛሁ፣ ፓምፑን ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር አዋጥተን። ትንሿ ለቤት መኪና ትበቃለች። ስትገዙ ዘይቷን አብራችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ባዶዋን ነው የምትወጣው፣ ሳትሞሉ ካስነሳችኋት ትቃጠላለች።