ባለ አንድ ቦይለር ኤስፕሬሶ ማሽን ከ10 ወር በኋላ፦ ለማን ይበቃል?

ኤስፕሬሶ ማሽን ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ስኒ ወተት ያለው ቡና ይዘጋጃል? ዋቱ፣ የግፊቱ መለኪያ ባርና የቁልፉ ብዛት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እዚህ የሚገመገመው ማሽን ባለ አንድ ቦይለር ነው፤ ማለትም ውሃ ማሞቂያ ጋኑ አንድ ብቻ ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የነሐስ ቦይለር፣ 58 ሚሊ ሜትር ፖርታፊልተር (የቡናውን ወንፊት የሚይዘው ባለ እጀታ ዕቃ) እና በንዝረት የሚሠራ ፓምፕ አለው። 10 ወር ሙሉ በቀን ከ3 እስከ 4 ስኒ ሠርቷል። ጥቁር ቡና ለሚጠጣ ሰው ከዚህ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ለአራት ሰው በተከታታይ ማኪያቶ ለሚያቀርብ ግን በፍጹም አይመከርም።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ቡናው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል፤ ለወተቱ የሚሆን እንፋሎት እንዲኖር ደግሞ ቦይለሩ ከ120 ዲግሪ በላይ መጋል አለበት። አንድ ቦይለር ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ቡናው ሁሉ ይቀዳል፤ ከዚያ የእንፋሎቱ ማብሪያ ተጭኖ 1 ደቂቃ ገደማ ይጠበቅና ወተቱ ባንድ ጆግ ይሞቃል። ብዙ ሰው የሚዘለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የእንፋሎቱ ማብሪያ እንደጠፋ የእንፋሎቱ ቧንቧ ተከፍቶ ፓምፑ መሥራት አለበት። ውሃው መጀመሪያ እየተፋና እየተንጣጣ ይወጣል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር ገደማ በኋላ ጸጥ ብሎ እንደ ክር ይወርዳል። ቦይለሩ በርዶ የተሞላው ያኔ ነው። ይህ ካልተደረገ ቀጣዩ ስኒ ይመራል፤ ውሃ የጎደለበት ቦይለር ውስጥ ደግሞ ማሞቂያው ሊቃጠል ይችላል።

ይህ ጣጣ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ መፍትሔው ሙቀት ለዋጭ ያለው ማሽን ነው። ቦይለሩ ሁልጊዜ ለእንፋሎት እንደጋለ ይቆያል፤ የቡናው ውሃ በውስጡ ባለ ቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ቡናና ወተት አብረው ይሠራሉ። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከቆየ ግን በቱቦው ውስጥ የተኛው ውሃ ከልክ በላይ ስለሚሞቅ፣ ከመቅዳት በፊት ጥቂት ውሃ ማፍሰስ ግድ ነው። ባለ ሁለት ቦይለሩ ይህም የለበትም፤ የሁለቱም ሙቀት ለየብቻ ይስተካከላል። ክብደቱ፣ ዋጋውና የሚወስደው ኤሌክትሪክ ግን ይጨምራል። ጠዋት አንድ ስኒ ጠጥቶ ለሚሮጥ ሰው ቴርሞብሎክ፣ ማለትም ውሃውን ሲያልፍ የሚያሞቅ የብረት ማሞቂያ ያለው ማሽን ይሻላል፤ 1 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይሞቃል። የተገመገመው ማሽን መብራት በ5 ደቂቃ ዝግጁ ነኝ ቢልም መታመን የለበትም፤ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ፖርታፊልተሩ ቦታው ላይ እንደተቆለፈ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካልሞቀ የመጀመሪያው ስኒ ይኮመጥጣል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 15 ባር ገዢን ሊያታልል አይገባም። ያ ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ለኤስፕሬሶ የሚያስፈልገው 9 ባር አካባቢ ነው። ይልቅ መጠየቅ ያለበት ግፊቱን የሚገድበው ቫልቭ ሊስተካከል ይችላል ወይ የሚለው ነው። ወንፊቱም መታየት አለበት። ድርብ ግድግዳ ያለውና ከታች አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ወንፊት ክሬማ (የኤስፕሬሶ የላይኛው ወርቃማ አረፋ) የሚመስል አረፋ ያወጣል፤ የአፈጫጨት ጉድለትን ስለሚደብቅ ግን ማንም አይማርበትም። ባለ ነጠላ ግድግዳው እውነቱን ይናገራል። 18 ግራም ቡና ገብቶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ቢወጣ ጥሩ መነሻ ነው። በ15 ሰከንድ ከፈሰሰ ቡናው ይድቀቅ፤ እየተንጠባጠበ 45 ሰከንድ ከፈጀ ትንሽ ይሻክር። ለዚህ በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከል መፍጫ ያስፈልጋል። በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ ከማሽኑ ተቀንሶ ለመፍጫው ይጨመር፤ በመጥፎ መፍጫ የትኛውም ማሽን አይድንም።

ጥገናው ከባድ አይደለም፣ መዝለል ግን አይወድም። ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ (ቡናው ተቀድቶ ሲያበቃ የቀረውን ግፊት የሚያስወጣ) ስላለው በየሳምንቱ ወደኋላ ይታጠባል፦ ቀዳዳ የሌለው ወንፊት ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የኤስፕሬሶ ማሽን ሳሙና ተጨምሮ፣ ፓምፑ 10 ሰከንድ ይበራል፣ 10 ሰከንድ ይጠፋል፣ 5 ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ እንደገና። ከቫልቩ ቡናማ ዘይት ሲወርድ ማየት ለምን እንደሚታጠብ ይነግራል። ይህ ቫልቭ በሌለው ማሽን ግን አይሞከርም። ውሃው ጨዋማና ጠጣር ከሆነ ቦይለሩ ውስጥ ቅርፊት ይሠራል፤ ከማስለቀቅ ማጣራት ይቀላል። ፈጽሞ የተጣራ፣ ማዕድን አልባ ውሃም አይመከርም። ጣዕሙን ያደበዝዛል፤ የውሃውን መጠን በኤሌክትሪክ የሚለኩ ማሽኖችም ውሃ መኖሩን ላያውቁ ይችላሉ።

በ8ኛው ወር የታየው ብቸኛ ብልሽት ፖርታፊልተሩ የሚቆለፍበት የማሽኑ ራስ ጎሚኒ ነው። እጀታው ሲቆለፍ መሃል ላይ መቆሙ ቀርቶ ወደ ቀኝ እያለፈ ሄደ፤ ቡናው ሲቀዳም በፖርታፊልተሩ ዳር ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ብዙዎች እዚህ ላይ እጀታውን በጉልበት ማጥበቅ ይጀምራሉ፤ ይህ ጥርሱን ይበላዋል። ማሽኑ ቀዝቅዞ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ የውሃ መርጫው ሳህን ይፈታል፤ ጎሚኒው በወስፌ ተወግቶ ይወጣል። የወጣው እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ተሰበረ። ቦዩ ውስጥ የቀረው የተቃጠለ ቡና ተፍቆ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አዲስ ጎሚኒ ገባ። እጀታው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፤ ጠብታውም ቆመ።