ሠራተኛ በሦስት ወር ዋስትና

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው የቤት ሠራተኛ ፍለጋ ደላላው ቢሮ የሄድኩት። ቢሮ ካልነው። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ፎቅ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው ላይ ሰባት ልጆች ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስገባ ሁሉም ቀና አሉ።

የሰውየውን ስም አልጠቅስም። «እንዴት ነው፣ ይሻላል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ግን ያየሁትን ልጻፍ።

በፍጥነቱ ቅሬታ የለኝም። ሦስት ሰዓት ገብቼ አራት ተኩል ላይ ልጅ ይዤ ወጣሁ። 1,500 ብር ከፈልኩ። ከልጅቷም የመጀመሪያ ደመወዟን ግማሽ ይወስዳል። ይሄን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እሱ ትንፍሽ አላለም። ተያዥ አላት፣ መታወቂያዋን አየሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የተንታ ልጅ ናት። እስከዚህ ጥሩ።

ደረሰኙን ቀድዶ ሲሰጠኝ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ የሦስት ወር ዋስትና አላት። ካልተመቸችሽ ያለ ክፍያ እንቀይርልሻለን» አለኝ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች። ፌስታሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

ይችን ዋስትና አውቃታለሁ። ሪያድ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያም መክተቡ፣ ሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ ማለት ነው፣ ለማዳሜ የሰጣት ሦስት ወር ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ስልክ ባነሳች ቁጥር ሆዴ ይርድ ነበር። ስሜ ለምላሷ ከብዷት ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ስም ሰጥታኛለች። የምተኛው ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን «እንደ ልጄ ናት» ትላለች።

ደላላውም ሲሸኘኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንደ ልጅሽ አድርገሽ ያዣት።»

ከሁለቱም በፊት ይሄን የሰማሁት ከአያቴ ነው። እናቷ ቤት፣ ወረባቦ፣ አንዲት ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ነበረች። የተገዛች። አያቴ ባሪያ የምትለው ቃል ከአፏ አይወጣም፤ «እንደ ልጅ ነበረች» ነው የምትለው። ስሟን ጠየቅኳት። አሰበች፣ አሰበች። «ያቺ ልጅ ነበር የምንላት» አለችኝ።

በዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴው በወሎ አልፎ፣ በአፋር በረሃ ሰው እየነዳ ወደ ታጁራ ይወርድ ነበር። ከዚያ በጀልባ ወደ ዐረብ። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን አስቀራለሁ ብላ ነው። በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ፤ ግን ቀስ በቀስ የሚል አዋጅ። በሕግ ጨርሶ የቀረው ነሐሴ 1934 ነው። ሳዑዲዎቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962። ዛሬ የሰፈሬ ልጆች በእግራቸው የሚሄዱበት መንገድ ታዲያ ያው ነው፤ አፋር፣ ታጁራ፣ ኦቦክ፣ የመን። አሁን ተጓዡ ራሱ ለደላላ ይከፍላል።

ዐረቡ ላይ ለመፍረድ ማን ብሎን። እኔም ቡና ላይ ስንቱን አውርቻለሁ። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም ስል ሁሉም ከንፈሩን ይመጣል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አያካትታትም እኮ፤ ለደንብ ትቷታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪዋ ለመኝታዋ፣ ለምግቧና ለእረፍቷ ይጠንቀቅ ይላል። ማን አንብቦት።

ግን እኔ ባሪያ አልነበርኩም። ደመወዜ ቢዘገይም ደርሶኛል፣ ውሌ ሲያልቅ አገሬ ገብቻለሁ። ያቺ ሴት የምትመለስበት ቀን አልነበራትም። የእኔንም ባርነት ብዬ ብጠራው እሷን ሁለተኛ የረሳኋት ይመስለኛል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ጎበዝ ናት፣ እንጀራዋ ዓይን በዓይን ነው። ለጊዜው ብዬ ወጥ ቤት ፍራሽ አነጠፍኩላት። ሁለት ሳምንት ሞላ። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ብነሳ፣ በዚያ በደሴ ብርድ ጋቢዋን እስከ ራሷ ተጠቅልላ፣ ከከሰል ምድጃው ጎን ኩርምት ብላለች። ማጠቢያ ማሽኑ ድምፁ ሁሉ መጣብኝ። በማግስቱ ከሴት ልጄ ክፍል አስገባኋት።

ፍራሹን ሳነሳ ስለ ራሴ ረክቼ ነበር። ከሰዓት የመብራት ደረሰኝ ፍለጋ መሳቢያ ስከፍት መታወቂያዋን አገኘሁት። እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት፣ እንዳይጠፋባት ብዬ። ሪያድ ከፊሌም፣ ያስመጣኝ አሠሪ ማለት ነው፣ ፓስፖርቴን ሲቀበለኝ ያለኝ ይሄንኑ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ደላላው ደወለ። እጄ ሊጥ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረግኩት። «ዋስትናሽ ሰኞ ያልቃል። እንቀይርልሽ ወይስ ትቆይ?» ልጅቷ ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን ማንቀሳቀስ አቆመች።

«ትቆያለች» አልኩት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው እሷን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ። ዞሬ ጠየቅኳት። «ቡናው ሊያርር ነው እትዬ፣ ማታ እንነጋገር» አለችኝ። ማታ ሁለት ነገር አነሳች፤ እሑድ ከሰዓት እንድትወጣና 500 ብር ጭማሪ። ሁለቱንም ተስማማን።

ለደላላው ከአምስት ሁለት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱም ለፍጥነቱና ተያዥ በአግባቡ ስለሚመዘግብ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ከልጅቷ ደመወዝ የሚቆርጠውን እሷ ባለችበት አንሱበት። እኔ ግማሹን ከኪሴ ነው የመለስኩላት።