ያረጁ የመኪና የፊት መብራቶች፦ አንዱን አድሼ፣ አንዱን ቀይሬ የተጠቀምኩባቸው 16 ወራት

ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለችው መኪናዬ የፊት መብራቶቿ እየደከሙ መሆናቸውን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ብርሃኑ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲቀንስ ዓይንም አብሮት እየለመደ ይሄዳልና። አንድ ዝናባማ ምሽት ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ በድንገት ከፊቴ ብቅ ሲልብኝ ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ሰውየው በሰላም ተሻገረ፤ እኔ ግን መኪናዋን ዳር ይዤ ወረድኩና መብራቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አየኋቸው። የቀኙ ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል፤ የግራው ከመደፍረሱም በላይ ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ አንዱ የቡሎን ማሰሪያውም ተሰብሯል። በዚህ ምክንያት የቀኙን ለማደስ፣ የግራውን ደግሞ በአዲስ ለመተካት ወሰንኩ፤ ሁለቱንም መንገዶች በአንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን የማየት ዕድል ያገኘሁትም እንዲህ ነው።

የመብራቱ መሸፈኛ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። በጠጠር በቀላሉ አይሰበርም፤ ጠላቱ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ጨረሩን የሚከላከል ስስ ሽፋን ቀብቶ ያወጣዋል። ይህ ሽፋን ከዓመታት በኋላ ሲሰነጣጠቅና ሲላጥ ጨረሩ ፕላስቲኩን ራሱን ማጥቃት ይጀምራል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን በሚገባ ስላልተረዳሁ በ1000፣ በ2000 እና በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ ፈግፍጌ፣ በማወልወያ ቅባት አጥርቼ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። በዚያው ዕለት መብራቱ አዲስ ይመስል ነበር። በአምስተኛው ወር ግን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት የላይኛው ጠርዝ እንደገና ወደ ቢጫነት አዘነበለ። ብዙዎች የሚመክሩት የጥርስ ሳሙናም ከዚህ የተሻለ ውጤት አይሰጥም፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ ፈግፋጊ ለጊዜው ያጠራል እንጂ የተላጠውን መከላከያ አይተካም።

በሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ሻካራ ከሆነው ከ800 ቁጥር ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ከአሮጌው ሽፋን ጥቂት እንኳ ከቀረ አዲሱ በደንብ አይያዝም። ማለቁን የሚነግረው የሚወርደው ውሃ ነው፤ በመጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ይወርዳል፣ አሮጌው ሽፋን ተጠርጎ ሲያልቅ ግን እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። በዚህ ደረጃ መሸፈኛው ከበፊቱ የባሰ ደብዝዞ ስለሚታይ ልብ ይረበሻል፤ ሆኖም ቀስ በቀስ ወደ ደቃቁ ወረቀት ሲኬድ ይጠራል። በመጨረሻም በአልኮል ወልውዬ፣ ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይነካ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ግልጽ ቀለም በስስ በስሱ ሦስት ጊዜ ነፋሁበት። ከዚያ ወዲህ 11 ወራት አልፈዋል፤ ከጥቂት የጠጠር ጠባሳ በቀር ምንም አልደፈረሰም።

የግራው አዲስ መብራት የዋናው መኪና አምራች ሥራ አይደለም። ፕላስቲኩ ንጹሕ ነው፤ አገጣጠሙ ግን አላስደሰተኝም። አንዱ የቡሎን ቀዳዳ ስላልገጠመ ማስፋት ግድ ሆነ፣ ከላሜራው ጋርም ክፍተት ተወ። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን እርጥበቱ ነው። መብራት መተንፈሻ ስላለው በብርድ ቀን ስስ ጉም ይዞ፣ ጥቂት ሲበራ መልሶ ቢለቅ ችግር የለውም፤ የኔው ግን በሦስተኛው ወር ከታች ውሃ አቁሮ አገኘሁት። ምክንያቱ የኋላው የጎማ ክዳን ልል መሆኑ ነበር። ሳልጥለው ያስቀመጥኩትን የአሮጌውን መብራት ክዳን ስገጥምለት ውሃው ቆመ። ያገለገለ መብራት ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ብርሃኑን በቀኝ ወገን ከፍ ያደርጋል፣ በግራ ለሚነዳበት የተሠራው ደግሞ በተቃራኒው። የሌላው ወገን መብራት ከተገጠመ ብርሃኑ በቀጥታ በፊት ለፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል፤ ይህንንም በማስተካከያው ቡሎን ማረም አይቻልም።

ሁለቱም መብራቶች ንጹሕ ከሆኑ በኋላ እንኳ ብርሃኑ የጠበቅኩትን ያህል አልሆነም፤ እውነተኛውን መልስ ያገኘሁት ቮልት በሚለካ ቴስተር ነው። ሞተሩ እየሠራና መብራቱ እየበራ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት ስለካ፣ አምፖሉ ሶኬት ላይ የደረሰው 12.1 ብቻ ነበር። የቀረው ባረጁት ሽቦዎችና በዛጉት መጋጠሚያዎች ላይ ይባክናል። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ክሩ ግሎ የሚያበራው የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ግን ከቮልቴጁ እጅግ በፈጠነ መጠን ስለሚወርድ፣ የ11 በመቶ ጉድለት ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጌ፣ ወፍራም ሽቦና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አስገባሁ፣ ከሻንሲው ጋር የሚገናኙትንም ሽቦዎች ጫፋቸውን ፍቄ አሰርኩ። ለብርሃኑ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ልዩነቱ በግልጽ የታየኝ በዚህኛው ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ጨርሶ አያስበውም።

አምፖሉን በተመለከተ መደበኛውን ባለ 60/55 ዋት (60ው ለረጅም፣ 55ቱ ለአጭር መብራት) ኤች 4 የሚባል የሃሎጅን አምፖል ይዤ ቀጠልኩ። ባለ 100 ዋት የሚገጥሙ አሉ፤ ሙቀቱ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ ከአምፖሉ ጀርባ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልሰውን አንጸባራቂም ያበላሻል። በሃሎጅን መብራት ውስጥ የሚሰካ ኤልኢዲም ለአንድ ሳምንት ሞክሬ ነበር። ከፊት ሲታይ ደማቅ ነው፤ ግድግዳ ላይ ስመለከተው ግን የብርሃኑ የላይኛው ድንበር ጠፍቶ ወደ ላይ ተበትኗል። አንጸባራቂው የተሠራው ለቀጭኗ የአምፖል ክር ትክክለኛ ቦታ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ሲመጣ አይሰበስበውም። የሚመጡ ሾፌሮች ረጅም መብራት እያበሩ ሲለምኑኝ አወጣሁት። አዲስ አምፖል ሲገባ መስታወቱን በባዶ እጅ አለመንካት ያስፈልጋል፤ የእጅ ወዝ ያረፈበትን ስፍራ ከሌላው አብልጦ ስለሚያግል ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አዲሱ መብራት ከፍ ብሎ ያበራ ስለነበር፣ የጎማ አየር ሞልቼ፣ አንድ ሰው በሾፌሩ ወንበር አስቀምጬ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቄ አጭሩን መብራት አስተካከልኩ። የብርሃኑ የላይኛው ድንበር ከመብራቱ መካከል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ነው ያደረግሁት።

ዛሬ ላይ የቀኙ የታደሰው መብራት ግድግዳ ላይ የሚጥለው ድንበር በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው፤ የግራው አዲሱ ግን ጠርዙ የደበዘዘ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብጠየቅ፣ ዋናው መብራት ካልተሰበረና አንጸባራቂው ጤነኛ ከሆነ ማደሱን እመርጣለሁ። አንጸባራቂውን ለማየት አምፖሉን አውጥቶ በቀዳዳው በእጅ ባትሪ ማብራት ይበቃል። እንደ መስታወት ካበራ ደህና ነው፤ ግራጫ ሆኖ ከተላጠ ግን መብራቱ መቀየር አለበት፣ በጨርቅ ለማጽዳት መሞከርም ያችን ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ጨርሶ ያነሳታል። እኔም ለግራው፣ አንጸባራቂው ያልደከመ ያገለገለ ዋና መብራት በመፈለግ ላይ ነኝ።