ባሕር ዳር ኤርፖርት በር ላይ «ጥቅል» እንዳትገዙ

እናቴ ጣና ሐይቅ ዳር ላለችው ለዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የጃንጥላ ስለት ነበረባት። በየዓመቱ «ዘንድሮማ» ስትል ቆይታ በዚህ የካቲት ተሳካልን። ጉልበቷን ስለሚያማት ከአዲስ አበባ በመኪና የሚሞከር አልነበረም። እሷ፣ ታናሽ እህቴና እኔ ቲኬት ቆረጥን። የካቲት 15 ጠዋት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት አረፍን። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ድሮ ግንቦት 20 ይባል የነበረው ነው። ባሕር የሌላት አገር የባሕር ዳር ኤርፖርት! ትንሽ መሆኑ ደስ ይላል። ከአዳራሹ ስትወጡ መኪና ማቆሚያው ፊት ለፊታችሁ ነው። ችግሩም እዚያው ይጀምራል። የወጣውን ሰው ሁሉ፣ ሁሉም ያየዋል። ጃንጥላ የታቀፈች እናት ደግሞ ከሩቅ ትታያለች።

አንድ ዘናጭ ልጅ መጣና የእናቴን ጉልበት ሳመ። «እናት ዓለም፣ ለኪዳነ ምሕረት ነው አይደል?» በቃ፣ እዚያ ላይ ተሸነፍን። በስልኩ የጢስ ዓባይን ፎቶ አሳየን፤ ውሃው እንደ ደመና ይጨሳል። ዛሬ ፏፏቴ፣ ነገ ጠዋት ለብቻችን ጀልባ፣ መኪናው፣ መግቢያው፣ አስጎብኚው፣ ሁሉም ያለቀለት «ጥቅል» ነው አለን። 14,000 ብር። ለሦስት ሰው አይከፋም ብዬ እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንደርስ ገደሉ አለ፣ ውሃው የለም። አንድ ጥግ ላይ ቧንቧ የተረሳ የሚመስል ነገር ይፈሳል። ለካ ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ኃይል ማመንጫው ይሄዳል። ካሉት ሁለት ጣቢያዎች ሁለተኛው ብቻውን 73 ሜጋ ዋት ነው፤ በበጋ የሚተርፈው ያው ያየነው ነው። ፎቶው የክረምት መውጫ ነበር። ሲጨስ ማየት የፈለገ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ይሂድ። መግቢያውንም አስጎብኚውንም እንደገና ከፈልን። «ጥቅሉ ውስጥ አለ» ስል ቲኬት ቆራጩ ሳቀብኝ።

ይሄስ ይሁን። የሚያናድደው የማግስቱ፣ የበዓሉ ዕለት የየካቲት 16ቱ ነው።

ጀልባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል ተብለን ነበር። የተነሳው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። «ለብቻችሁ» የተባለው ጀልባ አምስት ወንዶች እስኪሞሉት ጠበቀ። ከዚያ ወደ ዘጌ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ደሴቱ ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል ሄደ። ክብራን ሴት አይገባበትም። ይሄን እናቴ ታውቃለች፣ ጀልባ ነጂውም ያውቃል፣ ሻጩ ልጅ ደግሞ ከሁላችን በላይ ያውቃል። ወንዶቹ ወርደው ሲጎበኙ እናቴ ዳዊቷን አውጥታ ደገመች። እህቴ ትራገም ነበር። እኔ አልወረድሁም፤ ምን ፊት ይዤ ልውረድ?

ዘጌ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ እየደገፍናት ወጣን። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ይበተናል። እናቴ ጃንጥላውን ለአንድ ቄስ ሰጥታ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ምንም አላለችም።

በመልሱ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ጣና ጠዋት ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ከሰዓት ሌላ ሐይቅ ነው። ለዘጠኝ ሰው አራት የመንሳፈፊያ ጃኬት ነበር። ጀልባ ነጂውን ስጮህበት «ወንድሜ፣ ለእኔ የደረሰኝ 3,500 ነው፤ ሰው ካልጨመርሁ ነዳጁንም አይሸፍን» አለኝ። አመንኩት። ሻጩ ልጅ ጋ ደወልኩ። «የታቦቱ ሰዓት ከእኛ ቁጥጥር ውጭ ነው» ብሎኝ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አያነሳም።

ስለዚህ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ኤርፖርቱ በር ላይ ከመኪና ኮንትራት ሌላ ምንም አትግዙ። ከተማው ቅርብ ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። እረፉ፣ ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ከራሱ ከጀልባ ነጂው ጋር ተነጋገሩ። ስንት ሰው ነው የምትጭነው? የት የት ነው የምትቆመው? ሴት የሚገባበት ነው? ጃኬቱን ቁጠሩ። ግማሹን ብቻ ክፈሉ፣ ቀሪውን ስትመለሱ። ዘጌ ደግሞ በመኪናም ይገባል! ይሄን የነገረን የሆቴላችን ዘበኛ ነው፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

በ17 ልንመለስ ኤርፖርት ስንደርስ ልጁ እዚያው ቆሟል። ነጭ የለበሱ አንዲት እናት ጉልበት ላይ ጎንበስ ብሏል። እናቴ እኔን ለቀቀችኝና በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች ሄደች። ልጁን አላየችውም። ሴትዮዋን ግን በቀስታ እንዲህ አለቻቸው፦

«እኔንም ስሞኝ ነበር።»