የዋንዛው ሶፋ ከክረምት እስከ ፋሲካ

በአዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በትእዛዝ ያሠራሁት ባለ ሦስት መቀመጫ የዋንዛ ሶፋ ባለፈው ሰኔ መግቢያ ሳሎኔ ገብቶ፣ ክረምቱንና የመስከረምን በዓላት፣ ቀጥሎም ረጅሙን በጋ አሳልፎ አሁን ፋሲካ ላይ ደርሷል። ቅርጹ የድሮ ነው፦ እንጨቱ በጨርቅ ያልተሸፈነ፣ እግሩ ወደ ታች እየቀጠነ የሚወርድ፣ ትራሶቹም ሳይሰፉ በላዩ የሚቀመጡ። ለአናጺው ያሳየሁት ፎቶግራፍ የዴንማርኩ ነዳፊ ሃንስ ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1953 ለጌታማ ኩባንያ የሠራውን፣ በሰፊ ጠፍጣፋ የክንድ ማሳረፊያው የሚታወቀውን ጂኢ 290 ወንበር ነበር። አዲስ አበባም በዚያው ዘመን ከዚህ ጣዕም ሩቅ አልነበረችም፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ለዚህ ምስክር ነው።

ይህን ቅርጽ እንድመርጥ ያደረገኝ ግን የድሮ ዘመን ናፍቆት ብቻ አይደለም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ግዙፍ ሶፋ ከእግሩ እስከ ራሱ በጨርቅ የተለበጠ በመሆኑ ቀለሙ ከሰለቸ ወይም ከቆሸሸ ያለው አማራጭ መላውን ዕቃ እንደገና ማስለበጥ ነው። በዚህኛው ግን እንጨቱ እንዳለ ሆኖ የትራሶቹ ልብስ ብቻ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሳሎኑን ከወቅቱ ጋር ማስማማት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ለክረምቱ ያሰፋሁት ልብስ የመንዝ ሴቶች ከሚፈትሉት የበግ ጸጉር ከተሠራ ባና ነው። የጸጉሩ የተፈጥሮ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ከዋንዛው ጋር እጅግ ይስማማል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብርድም ሰው ሲቀመጥበት ወዲያው ይሞቃል። ሁለት እንከኖች አሉበት። አንደኛው ቆዳን መኮርኮሩ ሲሆን ከውስጥ አቡጄዲ ገበር በማሰፋት ግማሹን አቃልዬዋለሁ፤ ሁለተኛው የዕጣንና የቡና ጭስ ስለሚይዝ በየጊዜው ነፋስ ላይ መስቀል የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ሽታውን የሚወዱ እንግዶች አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለሁም።

ለመስከረም የመጣው የሽሮ ሜዳ የጥጥ ሽመና ነው፤ መደቡ ነጭ፣ ዳርና ዳሩ የአደይ አበባ ቢጫ። የእጅ ሽመና ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ መድረቅ አለበት፤ ይህ የተደረገለት ልብስ እስከ አሁን ደጋግሞ ታጥቦ ልኩን አልለቀቀም። ቢጫው ግን በመስኮቱ በኩል ፈዟል። የአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ ከከፍታው የተነሣ ቀለም የሚበላ ስለሆነ፣ ትራሶቹን በየሳምንቱ ማዟዟር ወይም ስስ መጋረጃ ማድረግ ግድ ይላል።

እንጨቱ ራሱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዋንዛ ለመሥራት የሚቀል፣ በአግባቡ ከደረቀ የማይጣመም ጣውላ ሲሆን፣ ሲገባ ቀላ ያለ ቡናማ የነበረው ቀለም ብርሃን እያገኘው ጠቆር ብሏል። ማጋጠሚያዎቹ አንዱ እንጨት በሌላው ውስጥ ገብቶ በኮላ የተያያዙ እንጂ በሚስማር የተመቱ ስላልሆኑ ክረምቱን ያለ ችግር ተወጥተዋል፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ በደረቅ ጊዜ ደግሞ ይኮማተራል፤ ሚስማር ይህን እንቅስቃሴ እየላላ ይከተለዋል። በታኅሣሥ ድርቀት የግራው ክንድ ማሳረፊያ መንጫጫት ጀምሮ ነበር። ከቫርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት መቀባቱን መርጫለሁ፤ ያንጸባርቅ ዘንድ ለሚፈልግ አይሆንም፣ ጭረት ግን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ በትንሽ ዘይት ይጠፋል።

በበዓል ቀን ከታች የሚጎዘጎዘው ቄጠማ እርጥብ ስለሆነ በእግሮቹ ጫፍ ላይ ጥቁር ክብ እድፍ ትቶ ነበር። አናጺው ጎማ ካስገባላቸው ወዲህ ግን በገናም ሆነ በጥምቀት አልታየም።

ቅሬታዬ የሚበረታው በስፖንጁ ላይ ነው። ዳር ዳሩ እንደ ነበረ ሲሆን መካከለኛው መቀመጫ በጥር ላይ ሰምጧል፤ ምክንያቱም ሥራ ቤቱ የተጠቀመው ስፖንጅ ቀላል ዓይነት በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሶፋ የሚያሠራ ሰው ስለ ጣውላው የሚጠይቀውን ያህል ስለ ስፖንጁ ክብደትም ይጠይቅ፤ ለየቀን መቀመጫ በሜትር ኩብ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል። ስፖንጁን መለወጡ ቀላል የሆነው ልብሶቹ ዚፕ ስላላቸው ነው።

የመቀመጫው ከፍታ ሌላው የሚያከራክር ጉዳይ ነው። 38 ሳንቲሜትር ላይ ያለው መቀመጫ ቡና ሲፈላ ያምራል፤ በርጩማ ላይ ከተቀመጠችው ቡና አፍዪ ጋር እንግዳው ፊት ለፊት ይተያያል፣ ሲኒውንም ጎንበስ ሳይል ይቀበላል። ጉልበት ለሚያማቸው ግን መከራ ነው። እናቴ በገና ዕለት "ይህ ሶፋችሁ አስቀማጭ እንጂ አስነሺ አይደለም" ብለው ስቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እርሳቸው ሲመጡ ጠንካራ ትራስ ይደረብላቸዋል። ለወላጆች ቤት የሚያሠራ ሰው ከፍታውን ወደ 45 ሳንቲሜትር ቢያደርሰው፣ የእግሩም ቅጥነት ከዚያው ጋር ቢስተካከል ቅርጹ አይበላሽም።

በዋጋ ረገድ ሶፋው ብቻውን ከተለበጡት አይረክስም፤ ሁለቱ ልብሶች ሲጨመሩበት ይበልጣቸዋል። የፋሲካው ልብስ ገና ከሸማኔው እጅ አልወጣም፤ ነጭ ላይ ነጭ ጥለት ነው፣ የመስኮቱ ፀሐይም ይህን ቀለም ብዙ አይጎዳውም ብዬ እገምታለሁ።