ለስፒከሮቻችን ሳጥን ለሠሩልን አናጢ ምስጋና (ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ)

ሰላም ወገኖች። ቤዝመንታችንን የሠሩልንን አናጢ በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው የመጣሁት። ሥራ ያላችሁም እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ «ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ታኮማ ፓርክና እዚያው አካባቢ ይሠራሉ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይቅርታ፤ ፈቃዳቸው የሜሪላንድ ብቻ ስለሆነ ወንዙን አይሻገሩም።

ሥራው ትንሽ ለየት ስለሚል ላብራራ። ቤዝመንቱን የፊልምና የኳስ ማያ ክፍል ልናደርገው አስበን ነበር። የገዛናቸው ስፒከሮች ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ ናቸው። ከውጭ የሚታየው ነጭ መረባቸው ብቻ ነው። ልጆች አይጥሏቸውም፣ ቦታም አይፈጁም። ጣጣው ከኋላቸው ነው። የዚህ ዓይነት ስፒከሮች ብዙዎቹ ጀርባቸው ክፍት ነው። ስለዚህ ድምፁ ወደ እናንተ ብቻ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ሆድም ይሄዳል። የእዚህ የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ደግሞ እንደምታውቁት ብሎኬት አይደለም። ቋሚ እንጨት ነው፣ በሁለት በኩል ጂፕሰም ቦርድ፣ መሀሉ ባዶ። ድምፁ ያንን ባዶ ቦታ ይዞ ሽቅብ ይወጣና መኝታ ቤት ይደርሳል።

እኛ ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር ቅዳሜ 12፡30 ላይ የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ ከጠዋቱ 7፡30 ነው። በሐበሻ አቆጣጠር ገና 1 ሰዓት ተኩል! ሚስቴ ሳምንቱን ሙሉ ሠርታ የምትተኛባት አንዲት ጠዋት እሷ ናት። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት።

መፍትሔው ስፒከሩን ከኋላ የሚሸፍን ሳጥን ነው። ሳጥኑ ድምፁን ይይዛል። የሙቀት መከላከያው ፋይበርግላስና አቧራም ወደ ስፒከሩ አይገባም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፣ ግን ዋጋው ያስደነግጣል፣ ልኩም ሁልጊዜ አይገጥምም። መጀመሪያ ያነጋገርነው ኮንትራክተር ሳጥን ስንለው ሳቀ። «ከኋላው ጥጥ ጎስጉሱበት፣ በቃ» አለን። ጥጥ ለመጎስጎስ የጠራው ዋጋ ግን የሳጥን ነበር።

ከዚያ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን እኚህን ሰው አገናኘን። የተግባረ ዕድ ተማሪ ነበሩ፣ እዚህም ዕድሜ ልካቸውን በአናጢነት ነው የኖሩት። እንደመጡ ግድግዳውን አላዩም። «የስፒከሩ ወረቀት የታለ?» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። እውነቱን ለመናገር እኛ ያንን ወረቀት ከካርቶኑም አላወጣነውም ነበር። ለካ ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነው። ስፒከሩ ከኋላው ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ ይናገራል። ሳጥኑ ከዚያ ካነሰ ዝቅ ያለው ባስ ይጠፋል፣ የቀረውም ያጉረመርማል።

ሒሳቡን ካርቶን ላይ ሠርተው አሳዩኝ። ለሚሠራ ሰው ይጠቅማልና ልንገራችሁ። ቋሚዎቹ ከመሀል እስከ መሀል 16 ኢንች ናቸው፤ በመካከላቸው የሚቀረው 14 ኢንች ተኩል ነው። ቱ ባይ ፎር የሚባለው እንጨት በእውነተኛ ልኩ ጥልቀቱ 3 ኢንች ተኩል ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን ሦስት ሩብ ኢንች ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ሲገባ ውስጡ 13 ኢንች ይሆናል። ጀርባው ላይ ግማሽ ኢንች ሲገባ ጥልቀቱ 3 ኢንች ይቀራል። የውስጥ ቁመቱ 30 ኢንች ቢሆን 19 ሊትር ገደማ ይይዛል። ወረቀቱ የጠየቀው ከዚያ በላይ ስለነበር ቁመቱን ወደ 40 አሳደጉት፤ 25 ሊትር ተኩል ሆነ። «ወደ ጎን መሄጃ የለንም፣ ወደ ላይ ግን ማን ይከለክለናል» አሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን አልሠራም ያሉት ነገር ነው። ቤታችን ታውንሃውስ ነው። ዕቃውን የሸጠልን ሱቅ ያወጣው ፕላን የፊት ስፒከሮቹን ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ጋሼ ፕላኑን አይተው መለሱልኝ። «ይሄ እኮ እሳት ከቤት ቤት እንዳይሻገር የተሠራ ግድግዳ ነው። እኔ አልቀደውም፣ ሌላ ሰውም እንዲቀደው አትፍቀድ» አሉኝ። ሥራው ቢቀርባቸው ግድ አልነበራቸውም። ከዚያ ክፍሉን ራሳቸው አዟዟሩት። ስክሪኑ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሄደ፣ ሶፋው ፊቱን አዞረ። እንዲያውም አሁን ከደረጃው የሚመጣው ብርሃን ስክሪኑ ላይ አያርፍም።

የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች ግን ወደ ውጭ የሚያዋስነው ግድግዳ ላይ መግባት ነበረባቸው፤ ከቋሚዎቹ በስተጀርባ የመሠረቱ ኮንክሪት አለ። እዚያ ላይ ኤምዲኤፍ አይሆንም አሉ፤ እርጥበት ከነካው ያብጣል። ለእነዚያ ፕላይውድ ተጠቀሙ፣ ከኮንክሪቱም አራቁት። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁም።

አሠራራቸው ደስ ይላል። ኤምዲኤፉን የሚቆርጡት ጓሮ ወጥተው ነው፣ ጭምብል አድርገው፤ ብናኙ ለሳንባ ክፉ ነው። ጠርዙ እንዳይሰነጠቅ ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ ቀድመው በቀጭን ድሪል ይበሳሉ። ኮላ፣ ከዚያ ብሎን። ከዚያ የውስጥ መጋጠሚያውን በሙሉ የማይደርቅ ማሸጊያ ይቀቡታል። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ሳይቀር ታሽጓል። «አየር ካሾለከ ሳጥን አይባልም፣ መሳቢያ ነው» ይላሉ። የፊት ጠርዙ ላይ ስስ ስፖንጅ ለጠፉበት፣ ጂፕሰሙ ሲያርፍበት እንዳይንቀጠቀጥ። ውስጡ ትንሽ ጥጥ ገባ፣ ሳይታጨቅ።

ሽቦውንም ዝም ብለው አላለፉትም። እኛ የነበረን ተራ የስፒከር ሽቦ ነበር፤ መለሱት። ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ሽቦ ሲኤል 2 ወይም ሲኤል 3 የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ሽቦው በቋሚው ጠርዝ አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የብረት ሳህን መቱበት፣ ነገ ሥዕል ልሰቅል ብዬ ሚስማር ስመታ እንዳልበጥሰው። ከመብራት መስመሩም አራቁት። መብራቱን ራሱን ግን አይነኩም። ለዚያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን መጥራት አለባችሁ። ቤዝመንት ለማደስ ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያ ሳይወጣ መጋዝ አላነሱም።

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ዘርግተው እያንዳንዱን ቋሚ፣ ሳጥንና ሽቦ ፎቶ አነሱና ላኩልኝ። ጂፕሰሙ ተለብጦ ሲቀባ የሳጥኖቹ አፍ በካርቶን ተሸፍኖ ነበር። ስፒከሮቹ የገቡት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ቀለም የተረጨባቸውን ስላየሁ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ውጤቱስ? ንግግር፣ የኮሜንታተሩ ጩኸት፣ ሙዚቃው ፎቅ ላይ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እናቴ ጨዋታው ጋል ባለበት ሰዓት ወርዳ «ዛሬ ኳስ የለም እንዴ?» ብላኛለች። ሙሉ ጸጥታ ግን አትጠብቁ። ሳብዉፈሩ (ወፍራሙን ባስ ለብቻው የሚያወጣው ስፒከር) ወለሉ ላይ ስለሆነ ፊልም ላይ ፍንዳታ ሲመጣ ይሰማል። የሱን ድምፅ የቤቱ እንጨት ራሱ ነው ተሸክሞ የሚወስደው፤ የስፒከር ሳጥን አያስቆመውም። ይህንንም ሥራው ሳይጀመር ነግረውን ነበር።

ነቀፋም አለኝ፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ስልክ በቶሎ አያነሱም፤ መልእክት ትታችሁ ጠብቁ። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም። አንድ ነገር ካልጣማቸው አፍርሰው ይሠሩታል፣ ያኔ ቀኑ ይገፋል። አንዱን ሳጥን እኔ ምንም እንከን ያላየሁበትን አፍርሰው ድጋሚ ሠርተዋል።

ገንዘብ ላይ ግን ንጹሕ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ለማደስ የኤምኤችአይሲ (የግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን) ፈቃድ ግዴታ ነው። ቁጥሩ ውሉ ላይ ነበር፣ ገብቼም አረጋገጥኩት። ቅድሚያ ክፍያ በሕጉ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ መብለጥ አይችልም። እሳቸው ከዚያም ያነሰ ነው የተቀበሉት። ማንንም ብትቀጥሩ ግማሹን አምጡ የሚላችሁን እንዳትሰሙት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ። ለእህትዎ ልጅም ምስጋናችንን ያድርሱልን፤ ያን ሁሉ ጂፕሰም በዚያች ጠባብ ደረጃ ያወረደው እሱ ነው።

የምትፈልጓቸው ጻፉልኝ። ስትደውሉ የስፒከሩን ወረቀት አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ሰሙነ ሕማማት ላይ ግን አትደውሉ፤ ስልካቸው ዝግ ነው።