ሲግማ ቢኤፍ፣ ሉሚክስ ኤስ9፣ ሶኒ ኤ7ሲ 2፦ የጎደለውን አይታችሁ ግዙ

ካሜራ ስንመርጥ የለመድነው ያለውን መቁጠር ነው። ስንት ሜጋፒክሰል፣ ስንት ኬ ቪዲዮ፣ በሰከንድ ስንት ፎቶ። ሲግማ ቢኤፍ ላይ ይህ ሒሳብ ብዙ አይረዳም። እዚህ መቆጠር ያለበት የሌለው ነው። ቪውፋይንደር (ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት መስኮት) የለውም። የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም። የፍላሽ መሰኪያ የለውም። ሜካኒካል ሹተር (ምስሉን በሚቀዳው ሴንሰር ፊት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ) የለውም። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ሴንሰር የለውም። ስክሪኑ አይታጠፍም። የማንጠልጠያ ቀለበቱ ሳይቀር አንድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጎድሎ በ2025 አሜሪካ ውስጥ በ1,999 ዶላር ገበያ ገባ። ሰውም ወደደው። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ወደድኩት ማለት ግዙት ማለት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ሌላ ብትገዙ ይሻላችኋል።

ከጎኑ ሁለት ካሜራዎች አስቀምጫለሁ። አንደኛው የፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤስ9 ነው፤ በግንቦት 2024 ሲወጣ 1,499 ዶላር ነበር። ሁለተኛው በነሐሴ 2023 በ2,199 ዶላር የወጣው ሶኒ ኤ7ሲ 2። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ዋጋዎቹም የመነሻ ዋጋዎች ስለሆኑ ዛሬ ሱቅ ስትጠይቁ ሌላ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ሦስቱም ፉል ፍሬም (ሴንሰራቸው የድሮውን 35ሚሜ ፊልም የሚያህል) ናቸው፣ ሦስቱም ትንንሽ ናቸው። ባትሪ ገብቶባቸው ቢኤፍ 446 ግራም፣ ኤስ9 486 ግራም፣ ኤ7ሲ 2 514 ግራም ይመዝናሉ። ልዩነቱ ትከሻ ላይ ስለማይታወቅ በክብደት አትምረጡ።

በእጅ ሲያዝ

የቢኤፍ አካል ከአንድ ወጥ የአሉሚኒየም ቁራጭ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሲግማ እንደሚለው አንዱን አካል ለመፈልፈል ማሽኑ ሰባት ሰዓት ይፈጅበታል። የሚሠራውም ጃፓን ፉኩሺማ ግዛት ውስጥ፣ አይዙ በሚገኘው ፋብሪካቸው ነው። መጋጠሚያ ወይም ብሎን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የቀኝ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ፒራሚዶች ተቀርጸዋል፤ ጣት እንዳይንሸራተት የሚያደርጉት እነሱ ብቻ ናቸው። ወደ ፊት ወጣ ያለ መጨበጫ የለም። ጠርዙም ሹል ነው።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። ላይካ በ2014 ላይካ ቲ የሚባል ካሜራ ከአሉሚኒየም ፈልፍሎ አውጥቶ ነበር፤ ውስጡም የፎቶ ማስቀመጫ ሜሞሪ ነበረው። ሴንሰሩ ግን ፉል ፍሬም ሳይሆን ከሱ የሚያንሰው ኤፒኤስ-ሲ ነበር። የሚገርመው የሌንስ መግጠሚያው ነው። ያኔ ከላይካ ቲ ጋር የመጣው መግጠሚያ በኋላ ኤል-ማውንት ተባለ፤ በ2018 ፓናሶኒክና ሲግማም ተቀላቀሉት። ዛሬ ቢኤፍም ኤስ9ም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ይህን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያድናል።

የቢኤፍ ጀርባ ላይ ስክሪኑ፣ አንድ ዲያልና ጥቂት ቁልፎች አሉ። ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ወደ ውስጥ አይገቡም። ግፊቱን አውቀው በንዝረት ይመልሳሉ። ከዲያሉ በላይ የጥፍር ያህል ትንሽ ስክሪን አለች፤ የሹተር ፍጥነት፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ትብነት) እዚያች ላይ አንድ በአንድ ይታያሉ። ስለዚህ ትልቁ ስክሪን ላይ ፎቶው ብቻ ይቀራል። ቁጥር የለም፣ ምልክት የለም፣ ጠርዝ ላይ የተደረደረ ጽሑፍ የለም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ሌላ ካሜራ ይዤ ሜኑ ውስጥ የምባክነው ጊዜ እዚህ የለም። አምስት ነገር ነው የምትነኩት፦ ፍጥነት፣ አፐርቸር፣ አይኤስኦ፣ ማብሪያ ማጨለሚያ፣ ቀለም። ከዚያ ማንሳት ነው።

ችግሩ ከባድ ሌንስ ሲመጣ ይጀምራል። ከ700 ግራም በላይ የሚመዝን 24-70 ዙም ሌንስ ስትገጥሙበት መጨበጫ የሌለው አሉሚኒየም አንጓ ይበላል። ኤስ9ም መጨበጫ ስለሌለው በዚህ ከቢኤፍ አይሻልም። በሦስቱ መካከል እጅ ላይ በደንብ የሚቀመጠው ሶኒው ነው፤ መልኩ ግን ማንንም አያስደነግጥም።

ብርሃን ላይ

እኔ እንደማየው ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ነው። ማስታወቂያውም ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አያወራም።

ቢኤፍና ኤስ9 ሜካኒካል ሹተር የላቸውም። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። ነገሩ ፈጣን ቢሆንም ቅጽበታዊ አይደለም። የቆመ ሰው፣ ተራራ፣ ቡና የቀረበበት ረከቦት ብታነሱ ምንም አይታወቅም። እስክስታ ስታነሱ ግን ትከሻው ሊጣመም ይችላል። ከሚሄድ ታክሲ መስኮት ያነሳችሁት የስልክ እንጨትም ዘንበል ይላል።

ሁለተኛው ጣጣ መብራት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ርካሽ ኤልኢዲና የሸምበቆ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያየውም፣ መስመር በመስመር የሚያነብ ሴንሰር ግን ያየዋል። ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ ጥላ ተጋድሞ ይመጣል። መፍትሔው ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ነው። አሜሪካ ያላችሁ 1/60 ወይም 1/120 አድርጉት፣ እዚያ 60 ኸርዝ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና ኤምሬትስ እንደኛው 50 ነው፤ ሳዑዲ ግን 60። ይህን ከለመዳችሁ በቢኤፍም በኤስ9ም አዳራሽ ውስጥ መኖር ይቻላል። ነገር ግን 1/100 ላይ ተቸንክሮ የሚጨፍር ሰው ማንሳት ቀላል አይደለም።

«ታዲያ ፍላሽ ልጠቀም» ካላችሁ መንገዱ ዝግ ነው። ቢኤፍ መሰኪያው ጭራሽ የለውም። ኤስ9 አናቱ ላይ መሰኪያ የሚመስል ነገር አለው፤ ኤሌክትሪክ ግን አያስተላልፍም። ማይክ ይይዛል፣ ፍላሽ አያበራም። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ስላሉ ደግሜ እላለሁ፦ ኤስ9 ላይ ፍላሽ አይሠራም። ከሦስቱ ፍላሽ የሚያበራው ሶኒው ብቻ ነው። ሜካኒካል ሹተር ያለውም እሱ ነው። ሶኒውን በፀጥታ ስልት (ያለ ሜካኒካል ሹተሩ) ብታሠሩት ግን 33 ሜጋፒክሰሉን አንብቦ ለመጨረስ ከሁለቱም ይዘገያል፤ ጭፈራ ላይ ፀጥታውን አጥፉት።

ሴንሰሩ የእጅን መንቀጥቀጥ ማስተካከሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤስ9 እና ኤ7ሲ 2 አላቸው። ቢኤፍ የለውም። በሻማ ብርሃን በዝግ ያለ ሹተር ማንሳት የምትወዱ ከሆነ ቢኤፍ ትንፋሽ ያስይዛችኋል። የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ግን ማስተካከያው ያላችሁም የሌላችሁም እኩል ናችሁ፤ የሚስተካከለው የእናንተ እጅ እንጂ የሰውየው እንቅስቃሴ አይደለም።

ፀሐይ ላይስ? ጥምቀት ነው፣ ረፋድ ነው፣ ጃንሜዳ ናችሁ እንበል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ነጭ ነጠላ በየቦታው ያንጸባርቃል። የቢኤፍ ስክሪን ላይ የምታዩት ፎቶውን ሳይሆን የራሳችሁን ግንባር ነው። ኤስ9 ስክሪኑን አጥፋችሁ ጥላ ልትፈልጉለት ትችላላችሁ። ሶኒው ቪውፋይንደር አለው። ትንሽ ነው፣ ጥራቱም እንደ ዋጋው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ዓይናችሁን ሰክታችሁ ትሠራላችሁ።

ካርድ የሌለው ካሜራ

ቢኤፍ 230 ጊጋባይት በውስጡ ይዟል። እንደ ሲግማ ስሌት ወደ 14,000 የሚሆን ጄፔግ ወይም ወደ 4,300 ያልተጨመቀ ሮው (ጥሬ የፎቶ ፋይል) ይይዛል። ለራሱ ሕይወት ለሚያነሳ ሰው ይህ በጣም ብዙ ነው። ካርድ ቤት ረሳሁ የሚባል ነገር ቀረ። ግልብጫውም በዩኤስቢ-ሲ ኬብል ፈጣን ነው።

ሥራ ላይ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ደንበኛ «ካርዱን ስጠኝ» ሲላችሁ የምትሰጡት የለም። ካሜራው ከተሰረቀ ወይም ከተበላሸ ፎቶውም አብሮት ይሄዳል። መንገድ ላይ ናችሁ፣ መብራት ጠፍቷል፣ ላፕቶፑም ሞቷል እንበል፤ ሌላ ካርድ ሰክቶ መቀጠል አይቻልም። ዋይፋይም ስለሌለው ፎቶውን እዚያው ወደ ስልክ ልኮ ቴሌግራም ላይ መጣል እንደሌላው ካሜራ አይሆንላችሁም።

በዚህ በኩል ኤስ9 በጣም ይበልጠዋል። ፓናሶኒክ ሲሠራው ያሰበው ስልክ ላይ የሚኖረውን ሰው ነው። የቀለም ቅንብር ከስልኩ ወደ ካሜራው ትጭናላችሁ፣ ለሱ ብቻ የተሰጠ ቁልፍ አለ፣ አንስታችሁ ወደ ስልክ ትልካላችሁ። ኤዲቲንግ የሚሰለቻቸው ሰዎች ይወዱታል። ቢኤፍም 13 የቀለም ስልቶች አሉት፣ አንዳንዶቹም በጣም ያምራሉ፤ ግን የተሰጣችሁን መጠቀም ነው።

ሠርግ ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሶኒውም ኤስ9ም የካርድ ማስገቢያቸው አንድ አንድ ነው። አንዱ ካርድ ቢበላሽ መጠባበቂያ የለም። የማይደገም ቀን የምታነሱ ከሆነ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም ዋና ካሜራ አታድርጉ። ሉሚክስ ኤስ5 2 ወይም ሶኒ ኤ7 4 ሁለት ሁለት ማስገቢያ አላቸው፤ ውበቱ ይቅርባችሁ።

ቪዲዮ፣ በአጭሩ

ቢኤፍ 6ኬ ይቀዳል። ነገር ግን ስክሪኑ አይዞርም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ማስተካከያ የለውም፣ ከዩኤስቢ-ሲ ሌላ ቀዳዳ የለውም። ለቪዲዮ አትግዙት። ኤስ9 ማስተካከያ፣ የሚዞር ስክሪንና የማይክ ቀዳዳ አለው፤ ሲወጣ 4ኬ ላይ የ15 ደቂቃ ገደብ ነበረበት፣ ረጅም ቃለ መጠይቅ የምትቀዱ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ሶኒው የማይክም የጆሮ ማዳመጫም ቀዳዳ አለው። ባትሪውም ትልቅ ስለሆነ በአንድ ሙሌት ከ500 በላይ ፎቶ ያነሳል። ቢኤፍ የዚያን ግማሽ ግድም ነው፤ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ይላል።

ሌንስና ገንዘብ

ቢኤፍ የሚያምረው በትንሽ ሌንስ ነው። የሲግማ አይ ሲሪስ የሚባሉት ለሱ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ብረት ናቸው፣ የአፐርቸር ቀለበት አላቸው። 45ሚሜ ኤፍ2.8 215 ግራም ብቻ ነው። 35ሚሜ ኤፍ2 ትንሽ ይከብዳል፣ 325 ግራም፤ አፐርቸሩ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ለቤት ውስጥ ብርሃን ግን እሱ ይሻላል። ምርጫ ካላችሁ 35ቱን ውሰዱ። ማስተካከያ በሌለው ካሜራ ላይ ያቺ ተጨማሪ ብርሃን ዋጋ አላት።

ብዙ ሰው የማያውቀው እነዚሁ ሌንሶች ለሶኒ መግጠሚያም እንደሚሠሩ ነው። የወደዳችሁት የሌንሱን ብረትና ቀለበት ከሆነ ሶኒ ላይ ገጥማችሁ ግማሹን ደስታ ታገኛላችሁ። ሌንስ ከጓደኛ መዋስ ካሰባችሁም በከተማችን ባለሙያዎች እጅ ሶኒ እንጂ ኤል-ማውንት ብዙም አይታይም።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ በካሜራው ገንዘብ የሚያገኝ ወይም ሊያገኝ ያሰበ ሰው ሶኒውን ይግዛ። ፍላሽ፣ ቪውፋይንደርና ሜካኒካል ሹተር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። ለጉዞ፣ ለልጆች፣ ለስልክ ገጽ የሚያነሳና ኪሱን የሚያስብ ሰው ኤስ9 ይበቃዋል፤ ከቢኤፍ በ500 ዶላር ረክሶ ነው የጀመረው፣ በዚያ ልዩነት ላይ ጥቂት ጨምራችሁ ጥሩ ሌንስ ትገዛላችሁ። ቢኤፍ የሚሆነው ሌላ ካሜራ ላለው፣ ወይም ፎቶን ለራሱ ደስታ ብቻ ለሚያነሳና ቀን ቀን በጥላ፣ በመስኮት ብርሃን፣ በዝግታ ለሚሠራ ሰው ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ከሆናችሁ ከላይ የቆጠርኩት ጉድለት ሁሉ ቢነገራችሁም አትሰሙኝም፤ እኔም አልፈርድባችሁም።

ልባችሁ ቢኤፍ ላይ ሆኖ እጃችሁ ካልደፈረ ግን መንገድ አለ። ኤስ9ን ከሲግማ 35 ኤፍ2 ጋር ግዙና ተጠቀሙበት። ከዓመት በኋላም ቢኤፍ ከልባችሁ ካልወጣ አካሉን ብቻ ትሸጣላችሁ፤ መግጠሚያው አንድ ስለሆነ ሌንሶቹ አብረዋችሁ ይሻገራሉ። ከሶኒ ከጀመራችሁ ግን ሌንሱንም ሸጣችሁ ከዜሮ መነሳት ነው።